ቀድሞኝ የተቀበረው እግሬ

መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ውስጥ እኔና ባለቤቴ አሥራ አራት ዓመት አብረን ሠርተናል። እሱ ከኋላ ቁጭ ብሎ ከአሮጌ በርሜልና ከዘይት ቆርቆሮ ፈርኔሎ ይቀጠቅጣል፤ እኔ ከፊት ቆሜ እሸጣለሁ። እሱ ዝምተኛ ነው፤ ለደንበኛ ዋጋ እንኳን ሲነግር ያፍራል። እኔ ግን ምላሴ አያርፍም ነበር። «ነይ እናቴ፣ ይሄ ከሰል አይበላም! አንስተሽ እይው፣ ክብደቱን እይው!» ስል ከጭድ ተራ በኩል የሚመጣው ገበያተኛ ገና ሳያየኝ በድምፄ ያውቀኛል። ጠዋት የቆምኩ ማታ ነበር የምቀመጠው።

ልጅ አልወለድንም። ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም ወረዱ፤ ከዚያ በኋላ አልመጣም። ዘመዶቹ ብዙ ነገር ይሉት እንደነበር አውቃለሁ፤ እሱ ግን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ሶማሌ ተራ ዕቃው ከሱቅ አልፎ መንገድ ላይ የሚፈስበት፣ ሰው ሁሉ ነጋዴ ካልሆንኩ የሚልበት ጊዜ ነበር። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ አራት ዓመት አልፎኝ ነበር። ኪኒኑን ሲሻለኝ እተወዋለሁ፣ ሲያዞረኝ እጀምረዋለሁ። አንድ ቀን ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬ በደም ርሷል። የቆርቆሮ ቁራጭ የኮንጎ ጫማዬን ሶል በስቶ መሐል እግሬ ገብቷል። መቼ እንደገባ አላውቅም፤ አላመመኝም። ጥፋቱም እሱ ነው፤ ያላመመ ቁስል ቁስል አይመስልም። አጥቤ፣ በጨርቅ አስሬ፣ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ጎረቤት ማር ቀቢው አለችኝ፣ ቀባሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያ እግር ላይ ቆሜ ሸጥኩ።

ሽታውን መጀመሪያ ያወቀው ባለቤቴ ነው። ጎኔ እየተኛ ለቀናት ምንም አላለኝም። አንድ ጠዋት ግን ሱቅ መክፈቱን ትቶ ጃኬቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለኝ። ጨርቁን ስንፈታው ሁለት ጣቶቼ ጠቁረዋል፤ ጥቁረቱ ወደ ላይ፣ ወደ ቁርጭምጭሚቴ እየሄደ ነበር።

ሆስፒታል አስተኙኝ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሐኪም ተማሪዎቻቸውን አስከትለው መጡ። ከተማሪዎቹ ጋር የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ አልገባኝም፤ ግን እጃቸውን እንደ ቢላ አድርገው ከጉልበቴ በላይ ጭኔ ላይ አሳረፉት። እሱን ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም። ከእጃቸው በታች ያለውን ሁሉ በሐሳቤ እዚያው ተሰናበትኩት።

ከሰዓት በኋላ፣ አብረዋቸው ከመጡት አንዱ፣ አንድ ወጣት ሐኪም፣ ብቻውን ተመልሶ መጣ። ውጭ አገር ተምሮ የገባ፣ ፊቱ ገና የልጅ ፊት የሚመስል ሰው ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ከቀዶ ጥገናው ሲወጡ እግር ይኖርዎታል» አለኝ።

«የማን እግር?» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ በደንብ አስረዳኝ። እግሩ ተቆርጦ ቁስሉ እንደተሰፋ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እያለሁ፣ የተረፈው ጭኔ በጀሶ ይጠቀለላል። ጀሶው ላይ የብረት ቱቦ ይታሰራል፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ደግሞ ከእንጨት የተሠራ እግር። «በማግስቱ እናቆምዎታለን። ቶሎ የቆመ ሰው ቶሎ ይሄዳል። ወር ሁለት ወር አልጋ ላይ የሰነበተ መቆም ራሱ ይጠፋበታል። ቋሚውን ሰው ሠራሽ እግር ቁስሉ ሲድን እናሠራልዎታለን» አለ።

ባለቤቴ ጥግ ላይ ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ፣ «ዶክተር፣ የቱቦው ውፍረት ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ በጣቶቹ አሳየው። «ግድግዳውስ? ሳሳ ካለ ይታጠፋል።» ሐኪሙ ይህንን አያውቅም ነበር። «ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አለው፤ ደግሞ በማግስቱ ጠይቆ መጥቶ ነገረው። ስለዚህ ወደድኩት።

ሽማግሌው ሐኪም በነገሩ አልተስማሙም። አልጋዬ አጠገብ ቆመው በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማም ይመስለኛል፣ «ስኳር አለባት። ጀሶ ውስጥ የሚሆነውን ማን ያያል? መጀመሪያ ቁስሉ ይዳን» አሉ። ወጣቱ በአክብሮት መለሰላቸው። በመጨረሻ ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። እኔ ያሰብኩት ሱቄን ነው። ሥራዬ መቆም ነው። «ቶሎ የሚያስቆመኝ ይሁን» አልኩ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማርኩት ጽሑፍ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ማንም አላስገደደኝም።

ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ እንጂ አላስተኙኝም። ደረቴ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተጋርዶ ምንም አላይም፤ ድምፁን ግን እሰማለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ሲቆረጥ እየሰማሁ ስለኖርኩ መጋዝ ሲጀምር፣ መሐል ሲደርስ፣ ሊጨርስ ሲል ለይቼ አውቃለሁ። ሊጨርስ ሲል ድምፁ ይቀጥናል። ቀጠነ። ከዚያ አንዷ ነርስ ሁለት እጇን ዘርግታ አንድ ከባድ ነገር ተቀብላ ከጨርቁ ጎን ዞር ስትል አየኋት።

ወደ ክፍሌ ሲመልሱኝ ባለቤቴ በሩ ላይ እየጠበቀ ነበር። ብርድ ልብሱ ሥር ሁለት እግር ጎን ለጎን ከፍ ብሎ ይታያል። አየና፣ «አልቆረጡሽም!» ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ በትዳር ዘመናችን ሰምቼው አላውቅም። «አልሐምዱሊላህ! ትተውታል! አልቆረጡሽም!» አፌ ደርቆ፣ ምላሴ ከብዶኝ መናገር አቃተኝ። የሐኪሙን ወሬ ሁሉ አብሮኝ ሰምቷል፤ ግን ሰው ያየውን ነው የሚያምነው። ጎንበስ ብሎ በብርድ ልብሱ ላይ ቀኝ እግሬን ያዘ። እንጨት ነው። እጁን አላነሳም፤ እንደያዘው ቀጥ ብሎ ቀረ።

ያን ጊዜ ነርሷ ገብታ፣ «የታማሚዋ ቤተሰብ እርስዎ ነዎት?» አለችው። ተከትሏት ወጣ። እስከ ማግስቱ አልተመለሰም።

የት እንደዋለ የነገረኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። በእምነታችን ከሰው አካል የተቆረጠ አይጣልም፣ ይቀበራል። እግሬን በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡት። መርካቶ ወርዶ አቡጀዲ ገዛ፤ ሱቁን ዘግቶ ለብቻው ገነዘው። ከዚያ ታክሲ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለው ሰው፣ «ጋሼ፣ ከከበደዎት ከታች ያስቀምጡት» አለው። «አይ፣ እይዘዋለሁ» አለ። መቃብር ጠባቂው ጥቅሉን አይቶ፣ «ሕፃን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አይደለም፤ የባለቤቴ እግር ነው» አለው። ጠባቂው አካፋ አቀብሎት ራቅ ብሎ ቆመ። ለእግር ሶላተል ጀናዛ አይሰገድም። ምን እንደሚባል ግራ ገብቶት ቆመ፤ ቢስሚላህ ብቻ ብሎ አፈር መለሰበት።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ በሁለተኛው ቀን ቆምኩ። ወጣቱ ሐኪም በአንድ በኩል፣ ሲስተሯ በሌላ በኩል ያዙኝ፤ ብብቴ ሥር ክራንች አስገቡልኝ። መጀመሪያ ክፍሉ ዞረ። ከዚያ ረጋ አለ። የጀሶው ክብደት ጭኔን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ የእንጨቱ እግር ሲሚንቶውን ሲነካ ኳ ይላል። የሌለው አውራ ጣቴ ያሳክከኛል፤ እንዴት አድርጌ ልከከው? ቢሆንም ቆሜያለሁ። በክፍሉ ውስጥ የተኙት ሴቶች እልል አሉ።

ባለቤቴ ፊቴን አላየኝም። ተንበርክኮ ቱቦውና እግሩ የተጋጠሙበትን ቦታ ይመለከታል። «ብሎኑ ላልቷል» አለ። ሐኪሙ ሮጦ ቁልፍ አመጣ፤ ባለቤቴ በገዛ እጁ አጠበቀው። በማግስቱ አራት እርምጃ ሄድኩ። ከዚያም እስከ መስኮቱ። ሌሎች ሐኪሞች እየመጡ አዩኝ። የዕድር ሴቶች ሊጠይቁኝ መጥተው ለለቅሶ ያዘጋጁትን ፊታቸውን ምን እንደሚያደርጉት ጠፋቸው፤ «አንቺ ሴት፣ ቆመሽ ትጠብቂን?» ብለው ሳቁ። ለበዓል ገበያ እደርሳለሁ ብዬ ለሁሉም አወራሁ።

በአምስተኛው ቀን ጀሶው ውስጥ ሙቀት ተሰማኝ። ሕመም አይደለም፤ ሙቀት ብቻ። ለማንም አልተናገርኩም። ከተናገርኩ ያወልቁታል ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን ሙሉ፣ ቀንና ሌሊት፣ ደበቅሁት። በማግስቱ ጠዋት ሲስተሯ ግንባሬን ስትነካ እጇን ቶሎ አነሳች።

ጀሶው በትንሽ መጋዝ ተቀደደ። ሲከፈት ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። ስፌቱ ተበትኖ፣ ሥጋው አመድ መስሏል። ሽማግሌው ሐኪም ተጠርተው መጡ። ወጣቱን «ብዬህ ነበር» አላሉትም፤ ጓንት አጠለቁ። እንደገና ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባሁ። ስወጣ ከጭኔ የቀረኝ አንድ ስንዝር የማይሞላ ነው፤ ብርድ ልብሱም በአንድ በኩል ለጥ ብሎ ተኝቷል። ያን ሁለተኛውን ቁራጭ ማን እንደቀበረው አልጠየቅሁም።

ወጣቱ ሐኪም በሦስተኛው ቀን መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል። «እትዬ፣ ባልቸኩል ኖሮ…» ብሎ ጀመረ።

«ዶክተር፣ እርስዎ እኮ አስሂደውኛል» አልኩት። «እኔም ሙቀቱን ደብቄያለሁ።»

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ያልኩት እሱን ለማጽናናት ነው። ለራሴ ግን፣ እነዚያን እርምጃዎች ፈጽሞ ባላውቃቸው ይሻለኝ ነበር። እግሩን ያጣ ሰው አንድ ጊዜ ያለቅሳል፤ እኔ ሁለት ጊዜ አለቀስኩ፣ ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው።

ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው፤ አንድ ክፍል፣ ግቢው ውስጥ ስምንት አባወራ። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጫፍ፣ ሦስት ደረጃ ወጥቶ፣ ቁጢጥ የሚባልበት ነው። በአንድ እግር ቁጢጥ አይባልም። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ አዝሎኝ እየወሰደ ይይዘኝ ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ውጭ ሰው ተሰልፎ ያስላል። አንድ ቀን ከሱቅ ሲመለስ ከቧምቧ ብረት የበየደውን ወንበር ተሸክሞ መጣ። መሐሉ ክፍት ነው፤ ሥሩ ባልዲ ይገባል። ጠርዙን በሞረድ አለስልሶ ላስቲክ አልብሶታል። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የተዋጣለት ሥራ ያ ይመስለኛል። አመሰገንኩት። ሲወጣ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።

ቁስሉ ለመድረቅ ወራት ፈጀ። ከዚያ ሰው ሠራሽ እግር ወደሚሠራበት ቦታ ወሰደኝ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ በጦርነት የተጎዱ። አንዱ የተበተነው ሠራዊት ወታደር፣ አንዱ ከበረሃ የገባ ታጋይ፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሲጋራ እየተቀባበሉ ስለ ፈንጂ ያወራሉ። ሴት እኔ ብቻ ነኝ። እግር ሠሪው ራሱም አንድ እግሩ ሰው ሠራሽ ነው። ከጭኔ የቀረውን ጉማጅ ለክቶ፣ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«እናቴ፣ አልዋሽዎትም» አለኝ። «ጭኑ አጭር ነው። ረጅም ቢሆን ጭኑ ሰው ሠራሹን እግር ይነዳዋል። አጭር ሲሆን እግሩ ነው እሱን የሚጎትተው። በወገብዎ ላይ በቀበቶ እናስረዋለን፤ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም።»

«ትንሽም ይበቃኛል» አልኩት።

ሠራልኝ። በቀበቶ የሚታሰር፣ ጉልበቱ ሲቀመጡ የሚታጠፍ፣ መልኩ እንደ ሻይ በወተት የሆነ እግር። ግቢው ውስጥ ሁለት ወር ተለማመድኩ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሱቅ ካልሄድኩ አልኩ። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ነው፤ ጠዋት ወጥተን የደረስነው ለቀትር ጥቂት ሲቀረው ነው። ጭድ ተራ ላይ ኩሊዎች ከኋላ «ዞር! ዞር በሉ!» እያሉ ሲመጡ ሌላው ሰው ዘሎ ያልፋል፤ እኔ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። አንዱ ጆንያ ትከሻዬን ገጨኝ፤ ባለቤቴ ባይዘኝ ተዘርግቼ ነበር።

ሱቃችን ፊት አንዲት ሴት ቆማ ትሸጣለች። ሰው እንደቀጠረ ነግሮኝ ነበር። ከገጠር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሠላሳ ያልሞላት ናት። አይታኝ ቦታውን ለቀቀችልኝ፤ በርጩማ አመጣችልኝ። «እትዬ፣ ይቀመጡ» አለች። እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ፤ ሰው ሊያልፍ ሲል እግሬን ይሻገረዋል። «ነይ እናቴ!» ብዬ ልጣራ ሞከርኩ፤ ከተቀመጠ ሰው የሚወጣ ድምፅ ግን የሰው ወገብ ላይ ነው የሚቀረው።

ግን ቤት የመለሰኝ እሱ አይደለም። ባለቤቴ ከኋላዬ እየቀጠቀጠ ነው። ትንሽ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር መዶሻው ይቆማል። ቀበቶዬን ሳስተካክል ይቆማል። ክራንቼን ስነካ ይቆማል። ስተወው ደግሞ ይጀምራል። እንዲህ እስከ አሥር ሰዓት ዋለ፤ አንድ ፈርኔሎ እንኳን አልጨረሰም። እኔ እዚያ እያለሁ ሥራ መሥራት እንደማይችል ያን ጊዜ ገባኝ። «አድርሰኝ» አልኩት። ቀበቶው ወገቤንም ብሽሽቴንም ልጦት መራመድ አቃተኝ። በእጅ ጋሪ ላይ ጆንያ አንጥፎ፣ እንደ ዕቃ ጭኖ፣ እየገፋ ወሰደኝ። የሚያውቁኝ ሁሉ «እንዴት ዋልሽ» ይላሉ፤ እኔም ከጋሪው ላይ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ።

ብሽሽቴ ቆሰለ። እግር ሠሪው አይቶ፣ «በዚህ ላይ ስኳርም አለ፤ ይቅርብዎት» አለ። እግሩን መለስኩለት። ጉልበቱን ከፍቶ፣ ዘይት ቀብቶ ሁለቴ አጠፍ ዘርጋ አደረገው። «ለሌላ ሰው ይሆናል» አለ። አግዳሚው ላይ የሚጠብቅ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤት ነው የዋልኩት። ባለቤቴ ጠዋት ውኃውን፣ ዳቦውን፣ ኪኒኔን አጠገቤ አስቀምጦ ይወጣል፤ ማታ ባልዲውን ደፍቶ፣ እራት ሠርቶ፣ ይተኛል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሲኖር ከሳ። ፀጉሩ ሸበተ። አንድ እሑድ ሸሚዙን ሲያጥብ እያየሁት፣ «አግባ» አልኩት።

በልቤ የጠበቅሁት «ለምን?» እንዲለኝ ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ቢቆጣኝም ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ሸሚዙን ውኃው ውስጥ እንደያዘ፣ «ማንን?» አለኝ።

ማንን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። «ሱቅ ያለችውን» አልኩት። ያን ዓመት ኒካህ ታሰረ። ድግስ አላደረገም፤ እኔን ላለማስቀየም ነው። እዚያው ግቢ ጎን ያለውን ክፍል ተከራየላት። ብዙም ሳይቆይ አረገዘች።

ክፉ ብትሆን እንዴት ባረፍኩ! የምጠላው ሰው ይኖረኝ ነበር። ግን ሴትዮዋ መልካም ናት። ሆዷ ገፍቶ፣ ጎንበስ ማለት እየከበዳት፣ በየጠዋቱ ሱቅ ከመሄዷ በፊት ውኃ አሙቃ ትመጣለች። ጀርባዬን ታጥበኛለች፤ ጉማጄን ሳትጸየፍ በለስላሳ ጨርቅ ታደርቀዋለች። አንድ ቀን እንዲሁ እያጠበችኝ ቆም አለች።

«እትዬ፣ እርስዎ ባይፈቅዱ አልገባም ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ይቀየሙኛል?»

«አልቀየምሽም» አልኳት። እውነቴን ነበር። ልቤን አገላብጬ ፈለግሁ፤ ቂም የለም፣ ቅናትም የለም፣ ምኞትም የለም።

ልብሴን አለበሰችኝ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቴ ሳበችልኝ፣ ዳቦውንና ውኃውን እጄ የሚደርስበት አስጠጋችልኝ። «ማታ እመጣለሁ» ብላ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። በስንጥቁ የገባው ፀሐይ ገና ወለሉ መጀመሪያ ላይ ነበር። ገና ረፋድ ነው።